ወለተ ሰንበት ማን ናት?

ዳላስ ያገኘሁትን ሥራ እቀበል እንደሆነ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መልስ መስጠት ነበረብኝ። ሐሙስ ጠዋት ግን ስለ ሥራው አላስብም ነበር። ሰባት ኪሎ የሚመዝን በረዶ የሆነ ተርኪ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ከትቼ ቀዝቃዛ ውሃ እለቅበታለሁ።

ሰሎሜ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደሰነቀረች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ አፓርታማ የምንጋራ ጓደኛዬ ናት፤ ቶሮንቶ ተወልዳ ቶሮንቶ ያደገች።

«እኔ የት ልታጠብ?»

«ከሥራ ስትመለሺ ታጠቢ።»

«ሔርሚ፣ ታንክስጊቪንግ እኮ ኦክቶበር ላይ አለፈ። በላን፣ ጨረስን፣ የተረፈውንም ጣልን።»

«ያ የናንተ ነው። የኔ ኖቬምበር ነው፣ ሐሙስ።»

«ዛሬ ከተማው በሙሉ ሥራ ላይ ነው። አውቶቡሱ፣ ባንኩ፣ ሁሉም። አንቺ ብቻ ከአንድ የሞተ ወፍ ጋር በዓል ታከብሪያለሽ።»

«ብቻዬን አይደለሁም። እዝራ እናቱን ይዞ ይመጣል።»

ብሩሿን ከአፏ አወጣች። «እናቱን? እማማ ተሻለችን ነው የጋበዝሽው? እዚህ? ኦ ማይ ጋድ።» ከዚያ ገንዳውን አይታ «ቢያንስ ልብስ አልብሺው» ብላኝ ሄደች።

ያደግኩት ዳላስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአውቶቡስ መርሐ ግብር የሚያወጣ ድርጅት ቀጠረኝና ቶሮንቶ መጣሁ። ሥራዬ ሰው በየፌርማታው ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ ማስላት ነው፤ እኔ ራሴ ግን ሦስት ደቂቃ መጠበቅ አልችልም። ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ድረስ ያለው ጊዜ ደግሞ በተለይ ያቁነጠንጠኛል። የካናዳ ታንክስጊቪንግ አለ፤ የኔ አይደለም ብዬ ያን ሰኞ ኑድል ቀቅዬ በላሁ። የአሜሪካው አለ፤ ማንም አያውቀውም። የፈረንጅ ገና አለ፤ ዳላስ ያሉት ቤተሰቦቼ የሚያከብሩት እሱን ነው። ከዚያ ደግሞ የሐበሻው ገና አለ፤ እዝራና እናቱ የሚጠብቁት። ከአራቱ አንዱም ባለሁበት ቦታ አግኝቶኝ አያውቅም።

እዝራን ያወቅሁት ከአሥራ አራት ወር በፊት ሊፍት ውስጥ ተቆልፎብኝ ነው። የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው። ሕንፃችን ውስጥ በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ፎቅ መካከል ሃምሳ ደቂቃ ከቆምኩ በኋላ በሩ ሲከፈት በግራሶ የጠቆረ እጅና ሁለት የተረጋጉ ዓይኖች አየሁ። ሰደብኩት። በእንግሊዝኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት። እሱ ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ጨርሰሻል? እጅሽን ስጪኝ» አለ።

ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ያላደረገልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቱ ፊት ቆሞ «ይቺን ሴት ላገባ ነው» ብሎ አያውቅም። ሁለት ጊዜ አገናኝቶናል፤ አንዴ ዳንፎርዝ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ፣ አንዴ በሰው ሠርግ። ሁለቱንም ጊዜ «ሔርሞን ትባላለች» ብሎ ምንም ሳይጨምር ዝም አለ። እናቱ ግን ሁለቱንም ጊዜ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ» ብለውኛል።

የዳላሱ ሥራ ሲመጣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኩት።

«ሐሙስ እናትህን ይዘህ ራት ና። እሳቸው ፊት ስለኔ የምትለውን በል። ካልክ እቀራለሁ። ዝም ካልክ ዓርብ ለዳላሶቹ ሥራውን ተቀብያለሁ እላቸዋለሁ።»

«እሺ» አለ። የዚህን ሰው «እሺ» በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንድም ቀን በትክክል አንብቤው አላውቅም። ዓይኑ ግን ያን ቀን የፈራ ሰው ዓይን ነበር፤ እኔም አብሬው ፈራሁ።

*

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ሰሎሜ ሥራ ሄዳለች። እማማ ተሻለች ነጠላቸውን በወፍራሙ የክረምት ጃኬታቸው ላይ አጣፍተው፣ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዘው ገቡ። እኔን ስመው ጫማቸውን አወለቁ። እዝራ ከኋላቸው ገባና ጠረጴዛውን አየ።

የፊቱ ቀለም ተለወጠ። ያኔ አልገባኝም፤ በግብዣው ብዛት የደነገጠ መሰለኝና ኮራሁ።

«ይሄ ሁሉ ያንቺ እጅ ነው ልጄ?»

«አዎ እማማ። ዛሬ እኛ አገር በዓል ነው።»

«እኛ አገር?»

«አሜሪካ።»

«አሃ።» ተርኪውን ዞር ዞር ብለው አዩት። «በግ አክሏል እኮ።»

ሳቅሁ። እዝራ አልሳቀም። ተቀመጥን። ቢላዋውን አንስቼ ልቆርጥላቸው ስል እጄን በቀስታ ያዙኝ።

«ጾሙ ገብቷል እኮ ልጄ። ረሳሽው እንዴ? ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። «ይቅርታ እማማ… አላሰብኩትም። ድንቹን ልስጥዎት?»

«ምን አለበት?»

«ቅቤ።»

«ፎሶሊያውስ?»

«ቅቤ።»

«ዳቦው?»

«ወተትና… ቅቤ።»

ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ይሄ ቀዩስ? እሱም ቅቤ አለበት?»

«ክራንቤሪ ነው። ፍሬና ስኳር ብቻ።»

«ተመስገን! እሱን ስጪኝ።»

የትሪያቸውን ፎይል ገለጡ። የምስር ሳምቡሳ ነበር። አንዱን አንስተው ክራንቤሪው ውስጥ አጠቀሱና ዕድሜያቸውን ሁሉ እንደዚያ ሲበሉ እንደኖሩ ሰው ጎረሱ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት እኚህን ሴት ወደድኳቸው። የልጃቸው ነገር ውስጥ ሳይገባ፣ እንዲሁ ወደድኳቸው።

«አይዞሽ» አሉኝ። «ሥራ ያዘናጋል። እኔም እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ዶሮ በልቼ አልቅሻለሁ። ለንስሐ አባትሽ ብትነግሪያቸው ይቀልልሻል።»

«ንስሐ አባት የለኝም እማማ።»

«እዚህ አልያዝሽም? ምነው ወለተ ሰንበት?»

«ማን?»

እዝራ ሹካውን አስቀመጠ።

«ወለተ ሰንበት» አሉ ፈገግ ብለው፣ ምስጢር እንዳወቀ ሰው። «ክርስትና ስምሽን ነዋ። እዝሬ ነው የነገረኝ። ዓመት ሞላኝ እኮ፣ እሑድ እሑድ ለጸሎት ለቄሱ ስም ስሰጥ ከሱ ስም ቀጥሎ አንቺን ሳስጠራ። ቤትም ጠዋት ጠዋት አልረሳሽም።»

እዝራን አየሁት። ድንቹን ነው የሚያየው።

አንዴ ራሴን ብነቀንቅ ሁሉም ያልፍ ነበር። ወለተ ሰንበት ሆኜ ሳምቡሳ በልቼ፣ ጾሙን የረሳች ሥራ የበዛባት ልጅ ተብዬ ይታለፍ ነበር። ግን እኔ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ክርስትና ስም የለኝም። አባቴ ዳላስ ውስጥ ፓስተር ነው። ያደግኩት እሱ በሚያገለግልበት ቸርች ነው። ጾሙንም ረስቼው አይደለም። መኖሩንም አላውቅም ነበር።»

የተገመሰውን ሳምቡሳ ሳህናቸው ላይ መለሱት። እኔን አላዩኝም። ልጃቸውን ነው ያዩት።

«አንተ። ዓመት ሙሉ እግዚአብሔር ፊት የጠራኋት ማን ናት?»

«ማሚ…»

«ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም» አለ እዝራ።

ስለዚያ ስም መናገሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እናቱ ፊት ስለኔ እንዲናገር አሥራ አራት ወር ጠብቄ፣ የሰማሁት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ያ ነበር።

እማማ ተሻለች ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ። ከሠራሁት ሁሉ የቀመሱት ክራንቤሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ከጠርሙስ የተገለበጠ ነው።

እዝራ ጃኬታቸውን አልብሷቸው ሲያበቃ ወደኔ ተመለሰ።

«በያይነቱ ታዢያለሽ ብዬ ነበር» አለ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ሐሙስ ሁሌ በያይነቱ ነው የምታዢው። ምግብ ሠርተሽም አታውቂም። ታንክስጊቪንግ ደግሞ አልፏል… እኔ ዛሬ መሆኑን በምን ልወቅ ሔርሚ? የጾም አድርጊው ልልሽ ነበር፤ ግን ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ፣ ከዚያ…»

«ከዚያ እውነቱን ትነግረኝ ነበራ። ሂድ። እናትህን አድርስ።»

ሄዱ። ሰባት ኪሎ ሥጋና አንዲት የሌለች ሴት ትቶልኝ ሄደ። ጠረጴዛው ፊት ተቀምጬ ለማልቀስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ቀናሁ። ወለተ ሰንበት ላይ ቀናሁ። እሷን ለእናቱ ሲነግር አልፈራም ነበርና።

*

ዓርብ ጠዋት ስነሣ በበሩ ሥር የገባ ፖስታ አገኘሁ። እኔና እዝራ የምንጻጻፈው በስልክ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ይሄ ግን በእጅ የተጻፈ አማርኛ ነበር፤ በልጅነቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የተማራቸው ትልልቅ ፊደሎች፣ አንዱ ካንዱ እንዳይነካካ ተጠንቅቆ።

«ሔርሞን፣

በእንግሊዝኛ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር። ግን በእንግሊዝኛ ሰበብ ማብዛት እችላለሁ። በአማርኛ የማውቀው ቃል ትንሽ ስለሆነ እውነቱን ብቻ ነው የምጽፈው።

ስሙን የፈጠርኩት መኪና ውስጥ ነው። ማሚን ከቤተ ክርስቲያን ስመልሳት ነበር። ክርስትና ስሟ ማነው፣ ልጸልይላት አለችኝ። የላትም ማለት ፈራሁ። እሑድ ስለሆነ ሰንበት አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ልነግራት ነበር። በየሳምንቱ እየከበደኝ ሄደ።

ማሚ አልተቆጣችኝም። ዝም ብላለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳላስ መሄድ ከፈለግሽ አላስቀርሽም። መብት የለኝም።

እዝራ»

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛውን ጊዜ መጨረሻውን ብቻ አነበብኩ። አላስቀርሽም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብለምነው የመሄጃ ፈቃድ ጽፎ ሰጠኝ! ሰው እንዲህ በትሕትና ሲያሰናብት አይቼ አላውቅም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ለእኩለ ቀን ሦስት ሰዓት ይቀራል። ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ ይደውል ነበር። እኔ ጃኬቴን በቢጃማዬ ላይ ደርቤ፣ ቦት ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። በሰብዌይ ፔፕ ጣቢያ ወረድኩ። ወደ እነ እዝራ ቤት የሚወስደው የቶርንክሊፍ ፓርክ አውቶቡስ ስድስት ደቂቃ ዘገየ፤ እንዲህ ዓይነት ስድስት ደቂቃዎችን ለማጥፋት ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ። ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ እየጨበጥኩ የምለውን ነገር ደጋገምኩ። እጁ ላይ እወረውረዋለሁ፤ እዞራለሁ፤ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር ግን አንድ ነገር ተረዳሁ። ለመሄድ የቆረጠ ሰው ይሄን ያህል መንገድ አይመጣም። ተረድቼም ይብሱን ተናደድኩ።

*

በሩን የከፈቱት እማማ ተሻለች ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቢጃማዬ ላይ ፔንግዊኖች አሉ።

«ግቢ። ጫማሽን አውልቂ፣ በረዶ ነው።»

«እዝራ የለም?»

«ሻወር ቤት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያፍር ይታጠባል። ዛሬ ሁለተኛው ነው።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጣዬን ለእሳቸው አላዘጋጀሁትም ነበር፤ የማደርግበት ጠፋኝ።

«እማማ፣ ለትናንቱ ይቅርታ…»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ጠየቅሁሽ፣ መለስሽልኝ። ዛሬ ጠዋት ቄሱ ጋ ደወልኩ። አባ፣ ዓመት ሙሉ በሌለ ስም ጸለይኩ፣ ምን ይሻላል አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«እግዚአብሔር አድራሻ አይጠፋውም አሉኝ። እሳቸው ለሁሉም ነገር እንዲህ ነው የሚሉት። እኔ አልተዋጠልኝም።» ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ። ጴንጤ ምራት አልፈልግም ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። በዚህ ቤት ውሸቱ በቅቶናል።»

«ገባኝ» ብዬ ልነሣ ስል፣

«አልገባሽም፤ ቁጭ በይ! ምን ያስቸኩልሻል? ከአገሬ በሱዳን በኩል በእግሬ ስወጣ ይዤ የወጣሁት ሃይማኖቴን ነው። እዚህ ደርሼ ደግሞ ይሄን ልጅ ሰጠኝ፤ ብቻዬን አሳደግኩት። ያለኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሌላውን እንዳይወስድብኝ ስፈራ ኖርኩ። ለካ ልጄም እኔን ሲፈራ ኖሯል። እናቱን እኮ ነው የፈራው! ትናንት ያቃጠለኝ እሱ ነው። ያንቺ ተርኪ አይደለም።»

ያኔ ነው የሻወር ቤቱ በር የተከፈተው። እዝራ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ቆመ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ፔንግዊኖቹን፣ ቀጥሎ እናቱን።

የአውቶቡሱ ንግግሬ ተመለሰልኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«መብት የለኝም ነው የምትለኝ? ማን መብት ጠየቀህ?»

«ላስገድድሽ ስላልፈለግሁ ነው ሔርሚ። ሥራሽ ነው፣ ቤተሰብሽ እዚያ ነው…»

«አስገድደኝ አላልኩህም! ፈልገኝ ነው ያልኩህ። በሰው ፊት ፈልገኝ! ለሌለችው ሴት ስም አውጥተህ፣ ጸሎት ለምነህ፣ ወግ ማዕረግ አሳይተሃታል። እኔ አለሁ እኮ! አጠገብህ ቆሜ እጮሃለሁ፣ አለሁ!»

«ልውጣላችሁ?» አሉ እማማ ተሻለች።

«አይውጡ!» አልኩ እኔ። «አትውጪ!» አለ እሱ።

ተመልሰው ተቀመጡ። እዝራ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። እኔን አላየም፤ እናቱ ፊት ሄዶ ቆመ። እጆቹ የት እንደሚገቡ አያውቁም።

«ማሚ። ይቺ ሔርሞን ናት። አትጾምም። አባቷ ፓስተር ነው። ትቸኩላለች። ትጮሃለች። ምግብ መሥራት አትችልም…»

«ተርኪው ጥሩ ነበር» አልኩ።

«ማንም አልቀመሰውም» አለ ሳይዞር። «ማሚ፣ ዋሸሁሽ። እሷ አልዋሸችሽም። አንቺን እንዳላጣሽ ብዬ እሷን ደበቅኳት፤ አሁን ሁለታችሁንም ላጣችሁ ነው። እኔ… የማውቀው ቃል አለቀብኝ። ላገባት እፈልጋለሁ። ብትቆጪኝም። ቄሱም ባይስማሙ። ላገባት እፈልጋለሁ።»

እናቱ ቀና ብለው አዩት።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ይሄን ለማለት ነው ዓመት የፈጀብህ?»

«አዎ።»

«እሷንስ ጠይቀሃታል?»

ዞረ። ያየኝን አስተያየት እስካሁን ለሰው መንገር አልችልም። «ላገባት እፈልጋለሁ» ስንት ጊዜ በሐሳቤ የሰማሁት ቃል ነው፤ ሲመጣ እዘላለሁ ብዬ ነበር። ግን ሶፋው ክንድ ላይ ተደገፍኩ። እጁን ዘረጋልኝ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምለው ነበረኝ።

«ዲሴምበር ሃያ አምስት ዳላስ ትመጣለህ። አሁን ያልከውን አባቴ ፊት ትደግመዋለህ፣ በአማርኛ። እዚያም ካልከው፣ አዎ።»

«ጾም ነው እኮ ያኔ» አለ። «እናትሽ ዶሮ ነው የሚሠሩት።»

«ጾሙን ይዞ ይሂድ» አሉ እማማ ተሻለች፤ እኔን እያዩ። «ዳላስ ምስር አይጠፋም።»

«እማማ፣ አባቴ እንደርስዎ አይደለም። ቁጭ አድርጎ ነው የሚሰብከው።»

«ይስበከዋ! የኔ ልጅ እንደሆነ ዝም ማለት ያውቅበታል።»

እዝራ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በፎጣው ሸፈነና ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁ ይሁን ለቅሶው መለየት አልቻልኩም። እናቱ ተነሥተው ጀርባውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። እኔን አላቀፉኝም፤ ግን አላባረሩኝምም።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ዳላስ፣ ሥራውን ወደ ሰጠኝ ድርጅት ደወልኩ። አልመጣም አልኳቸው። ስልኩን ያነሣችው ሴት በትሕትና ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ደመወዙ አንሶሽ ነው ወይስ ሌላ ቦታ አግኝተሽ?

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ከውስጥ የሁለቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ እሳቸው ዝግ ብለው አንድ ነገር ይጠይቁታል፣ እሱ ይመልሳል። ስለኔ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ትናንት ብሄድ የማጣው አንድ ወንድ ነበር። አሁን ሁለት ሰው ሆነዋል፤ እማማ ደግሞ ገና አልወደዱኝም። በሩን ለመክፈት እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ እንዲህም ቸኩዬ አላውቅም።